የታሸገው ክፍል፦ ስለ ጣዝማ፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ሰው ዕጣ

ሰው ስለ ንብ የተናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ ስለ ንብ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ተናጋሪው የሚነግረን ይበዛል። አርስቶትል ቀፎውን የሚመራው ንጉሥ ነው ብሎ ጻፈ፤ እርሱ በሚያውቀው ዓለም አገር የሚገዛው ወንድ ነበርና። መምህሩ ፕላቶን ደግሞ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ለመግዛት የሚያድጉትን ፈላስፎች ከቀፎ ነገሥታት ጋር አነጻጸራቸው። እንግሊዛዊው ቄስና ንብ አርቢ ቻርልስ በትለር የቀፎው ገዥ ሴት መሆኗን በመጽሐፉ ርእስ ላይ ጭምር ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1609 ነው፤ አገሩን ለ44 ዓመታት የገዛችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ካረፈች ገና 6 ዓመቷ ነበር። የእኛም ቋንቋ ከዚህ አላመለጠም። የቀፎዋን እናት «አውራ» እንላታለን፤ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና እንደምንለው ማለት ነው። መሪው የጠፋበትንም ሕዝብ «አውራ እንደሌለው ንብ» እያልን እናዝንለታለን።

ይህ ልማድ ጉዳት የሌለው የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ምሳሌው ሁለት ጊዜ ይሠራል። አስቀድመን የራሳችንን ማዕርግ ወደ ቀፎው እናስገባለን፤ ቀጥለንም ያንኑ ከቀፎው እናወጣና «እነሆ፣ ተፈጥሮም እንዲሁ አዝዛለች» እንላለን። አውራዋ ለመንገሥ፣ ሠራተኛዋ ለመሥራት፣ ዘበኛዋ ለመጠበቅ ተፈጥረዋል፤ ስለዚህ የሰውም ልጅ በተወለደበት ቦታ ረግቶ ይኑር የሚል ድምዳሜ ይከተላል። ይህን ድምዳሜ በግልጥ የሚናገረው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። በዝምታ የሚኖርበት ግን ብዙ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የንብ የሥራ ክፍፍል ለሰው የሥራ ክፍፍል እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን?

ለምስክርነት የምንጠራው ግን በሁሉ ዘንድ የታወቀችውን የማር ንብ ሳይሆን ታናሽ ዘመዷን ጣዝማን ነው። ጣዝማ መሬት ውስጥ ትኖራለች። ማሯን በእንጀራ ሳይሆን ከሰምና ከሙጫ በሠራቻቸው ጥቃቅን ማሰሮዎች ታኖራለች። ማሯ ቀጠን ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ለሳልና ለደረት ሕመም መድኃኒት ነው እየተባለም በአገር ቤት ሲከበር የኖረ ነው። ይህች ንብ በዓለም ሞቃት አገሮች ከተሰራጨው፣ ከ500 በላይ ዝርያዎች ካሉት፣ መንደፊያው ደክሞ ከንቱ ከቀረበት የንብ ወገን አንዷ ናት። ዘመዶቿ በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ደን፣ በኡጋንዳ ደኖች፣ ከውቅያኖስ ማዶም በሜክሲኮና በብራዚል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያዊው ሊቅ በቶማስ ኦዲያምቦ መሥራችነት ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር ማእከል በካካሜጋ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች እነዚህን ንቦች በሣጥን እንዲያረቡ ሲያስተምር ቆይቷል። መንደፊያ የላቸውም ማለት ግን መከላከያ የላቸውም ማለት አይደለም። ይነክሳሉ፤ ሙጫ ይለጥፋሉ፤ ከመካከላቸው የያዙትን ጠላት ሳይለቁ በነከሱበት የሚሞቱ ዝርያዎች አሉ።

በዚህ ጎጆ ውስጥ ሥራ እንዴት ይከፈላል? መልሱ ከጠበቅነው የራቀ ነው። ሠራተኛዋ ንብ አንድ ሥራ ብቻ ይዛ አትወለድም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሥራ ወደ ሥራ ትሻገራለች። ከክፍሏ ስትወጣ ገና ገርጣ ያለች፣ አካሏ ያልጠነከረ ናት፤ ስለዚህ በእጮቹ መኖሪያ አጠገብ ሰም ስታለፋ ትሰነብታለች። ቀጥላ ለሚወለዱት ክፍል ትሠራለች፣ ስንቅም ትሞላለች። ቀለሟ እየጠቆረ ሲሄድ ቤት ታጸዳለች፣ ጥራጊ ታከማቻለች፣ ከውጭ የመጣውን ቀሰም ትቀበላለች። ከዚያም በር የሚጠብቁ አሉ። በመጨረሻ ወደ ሜዳ ትወጣለች፤ ቀሰም፣ የአበባ ብናኝ፣ ሙጫና ጭቃ እየተሸከመች ትመላለሳለች። ወፉም፣ ሸረሪቱም፣ ዶፉም የሚጠብቃት እዚያ ነው። እንግዲህ በዚህ ጎጆ አደገኛው ሥራ የሚመጣው ዕድሜ ለቀራት ሳይሆን ዕድሜዋን ለጨረሰችው ነው። የሰው ልጅ ወደ ጦር ሜዳ እነማንን እንደሚልክ አንባቢ ራሱ ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ሁሉ የሚያዝዝ የለም። «አውራ» ያልናት እናት አዋጅ አታስነግርም፣ ሹመት አትሰጥም፤ የዕለት ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። ሆዷ ከመክበዱ የተነሣ ከጎለመሰች በኋላ መብረር እንኳ አይቻላትም። ሥራ የሚከፈለው እያንዳንዷ ንብ ፊት ለፊቷ ለሚያጋጥማት ነገር ምላሽ በመስጠቷ ነው። ጥራጊ ሲበዛ የጥራጊው ሽታ ቀድሞ የሚቆረቁራት ንብ ቀድማ ትነሣለች፤ ስንቅ ሲጎድል ጉድለቱ ቀድሞ የሚሰማት ትወጣለች። ስለዚህ ከቀፎ የንጉሥ ሥልጣን ማስረጃ ፍለጋ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ምስክሯ ለነጻነት የምትመሰክር ትመስላለች። ነገር ግን ምስክር የተጠራው የምንወደውን ብቻ ሊናገር አይደለም። በጣዝማ ወገን ጎጆ ውስጥ ልብን የሚያስጨንቅ አንድ ሥርዓት አለ። የማር ንብ እጮቿን በክፍት ክፍል አስቀምጣ እየተመላለሰች ትመግባለች። የጣዝማ ወገን ግን እንዲህ አያደርጉም። ሠራተኞቹ ክፍሉን ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ፈሳሽ ስንቅ ይተፉበታል፤ እናቲቱ በስንቁ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወዲያውም ከሠራተኞቹ አንዷ ክፍሉን ትዘጋዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል ለመመገብ የሚከፍተው የለም። እጯ የተሰጣትን በልታ፣ በዚያው ጨለማ ውስጥ አድጋ፣ አካሏ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ትወጣለች። ለአንድ ሕይወት የሚደረገው ዝግጅት በሙሉ ሕይወቷ ሳይጀምር ይፈጸማል ማለት ነው።

በብዙዎቹ ዝርያዎች ንግሥት ወይም ሠራተኛ መሆን የሚወሰነውም በዚህ ጊዜ ነው። በጎጆው ዳር በኩል ተለቅ ያለ ክፍል ይሠራል፤ ስንቁም ይበዛል፤ ከዚያ የምትወጣው ንግሥት ትሆናለች። በአነስተኛው ክፍል የተዘጋባት ሠራተኛ ትሆናለች። በብራዚል የምትኖር፣ የአገሩ ሰዎች «ጃታይ» የሚሏት ንብ ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነገር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የዚህች ንብ በር ጠባቂዎች ቀሰም ከሚለቅሙት እኅቶቻቸው በ30 በመቶ ያህል የሚከብዱ፣ እግራቸው የገዘፈ፣ በቁጥር ግን ከጎጆው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ የሆኑ ናቸው። አጥኚዎቹ ወታደር ብለው ጠሯቸው። በናይሮቢና በካምፓላ በር ላይ የሚቆመውን ሰው የስዋሂሊ ተናጋሪ «አስካሪ» እንደሚለው ነው፤ ቃሉ ዘበኛንም ወታደርንም ይይዛል። እነዚህ ወታደሮች ከየት ይመጣሉ? አብዛኞቹ በእጮቹ መኖሪያ መካከል ካሉት፣ ብዙ ስንቅ ከሚፈስስባቸው ክፍሎች ይወጣሉ። ለምንስ አስፈለጉ? አበባ የማትቀስም፣ የሌሎችን ጎጆ ዘርፋ የምትኖር ንብ በአካባቢው ስላለች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናትም እንዲህ ያሉ ወታደሮች በሌሎች ዝርያዎች መገኘታቸውን፣ መገኘታቸውም ከዘራፊዎቹ ንቦች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ የተፈጥሮ ዕጣ ጠበቃ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «አላልኳችሁም? ወታደሯ ወታደር ሆና፣ ንግሥቲቱ ንግሥት ሆና ተወልደዋል» ይላል። ነገር ግን የተባለውን በጥሞና እንየው። የአብዛኞቹ ዕጣ በደማቸው የተጻፈ አልነበረም። በክፍሉ ስፋትና በስንቁ መጠን የተወሰነ ነው። ክፍሉን የሠራ እጅ አለ፤ ስንቁን የለካ አፍ አለ፤ በሩን የዘጋ እግር አለ። «ተወለደች» በሚለው አንድ ግሥ ውስጥ የስንት ሠራተኞች ሥራ ተሰውሯል! ተፈጥሮ ብለን የምንጠራው ነገር ጠጋ ብለን ስናየው አስቀድሞ የተደረገ አቅርቦት ሆኖ ተገኘ።

የሥራ ክፍፍልን ለዓለም ካስተማሩት ሊቃውንት ዋነኛው አዳም ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ወደዚህ የቀረበ ነገር ጽፏል። በፈላስፋውና በጎዳና ተሸካሚው መካከል የምናየው ርቀት ከተፈጥሮ የመጣው ጥቂት፣ ከልማድና ከትምህርት የመጣው ግን ብዙ መሆኑን ገልጿል። በዚያው መጽሐፍ ዕድሜውን ሙሉ ጥቂት ቀላል ሥራዎችን ብቻ እየደጋገመ የሚኖር ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ አስጠንቅቋል። የሥራ ክፍፍልን ጥቅም ከማንም በላይ ያወደሰው ሰው ዋጋውንም ማየቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በዚህ መዝጋት አይገባም፤ ከወዲያ በኩል የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለምና። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ «ሜሊፖና» የሚባሉ የዚሁ ወገን ንቦች አሉ። በእነርሱ ጎጆ የንግሥት ክፍል የሚባል የለም። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ስንቁም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ንግሥት መሆን ከውጭ አይወሰንም፤ ከእጯ ከራሷ የሚመጣ ነው። ውጤቱስ? ከሚፈለፈሉት ሴቶች እስከ ሩብ የሚደርሱት ንግሥት ሆነው ይወጣሉ። ጎጆው ደግሞ የሚያስፈልገው አንዲት ብቻ ናት። ሠራተኞቹ ትርፎቹን ንግሥቶች ከክፍላቸው በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነክሰው ይገድሏቸዋል። ስንቅ በእኩል ታደለ፤ ማንም በማንም ላይ አልወሰነም፤ ፍጻሜው ግን ዕልቂት ሆነ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉም እንደ ልቡ ይሁን ቢባል የሚያጸዳ፣ የሚሸከም፣ የሚጠብቅ አይገኝም ቢል ንግግሩ ከንቱ አይደለም። አንድ ሰው ጥራጊ ማውጣት አለበት። አንድ ሰው ሌሊት በር ላይ መቆም አለበት። ሥራ ሳይከፈል የቆመ ከተማ፣ ሥራ ሳይከፈል የኖረ ቤተ ሰብ የለም። እኔም ሥራ መከፈሉ በራሱ ግፍ ነው አልልም።

ታዲያ ግፉ ከየት ይጀምራል? በእኔ እምነት ግፉ ያለው በመታሸጉ ላይ ነው። ንቧ አትጠየቅም፤ እርሷም «ለምን እኔ?» ብላ አትጠይቅም። ስለዚህ በጣዝማ ጎጆ ውስጥ ሥርዓት እንጂ ግፍ የለም፤ ፍትሕም የለም። በሰው ዘንድ ግን ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ አፍ አለ። አንድ ሥራ በአንድ ሰው ላይ በተጫነ ጊዜ የምክንያት ዕዳ አብሮ ይወለዳል። ዕዳው የሚከፈለው ለሦስት ጥያቄዎች መልስ በመስጠት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከዚህ ሥራ ወደ ሌላ የሚሻገርበት በር አለውን? ሁለተኛ፣ ከባዱና አደገኛው ሸክም ተራ ይዞራል ወይስ ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ ላይ ይወድቃል? ሦስተኛ፣ «ለምን እኔ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው አለን? ለሦስቱም መልሱ «የለም» ከሆነ ክፍሉ ታሽጓል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። ጽሑፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ ሰው የቀፎዋን ልጅ በአማርኛ ለመጥራት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያሻውም፤ «ሠራተኛ ንብ» ይላል፣ ያልፋል። ዳሩ ግን ይህ ቃል በቤታችን ውስጥ ሌላ ፊት አለው። «ሠራተኛ አላችሁ?» «ሠራተኛዋ ወጣች» ሲባል ስለ መሐንዲስ ወይም ስለ ሒሳብ ሹም እንደማይነገር ሁላችን እናውቃለን። የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ሰፊ ስም ጠብቦ ጠብቦ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የቆመች የአንዲት ልጅ መጠሪያ ሆነ፤ የገዛ ስሟም ብዙ ጊዜ በዚያ ተተካ። ሕጉም ከቋንቋው ብዙ አልራቀም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጪ አድርጎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲታይ ተወው። በቤታችን «ሠራተኛ» የተባለችው ልጅ «ሠራተኛ» በሚለው አዋጅ ውስጥ ሳትገባ ቀረች ማለት ነው።

የዚህችን ልጅ ሕይወት በሦስቱ ጥያቄዎች እንመዝነው። ከገጠር የመጣችው በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከሆነ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ከሆነ፣ የምትተኛው የመጨረሻው እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ የምትነሣውም ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሳይነቁ ከሆነ፣ የምትሻገርበት በር የት ነው? የእነዚያን ልጆች ደብተር በቦርሳ የምታስገባው እርሷ ናት፤ የራሷ ደብተር ግን የለም። ይህ የሆነው ጭንቅላቷ ስለማይቀበል አይደለም። የተሰጣት ስንቅ ያነሰ ስለሆነ ነው። ስንቁን የለካነው ግን ሰዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «እርሷ እንኳ ከዚህ ሌላ ሥራ አትችልም» የምንለውም እኛው ነን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ፓስፖርት ሲያዝባቸው፣ ደመወዝ ሲከለከሉ ሰምተን እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ቁጣ በገዛ ቤታችን ወጥ ቤት በር ላይ የሚቆም ከሆነ ፍትሕን መውደድ ሳይሆን ወገንን መውደድ ብቻ ይሆናል። በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በጁባ የምንኖር አንባቢዎችም፣ በቤታችን የምታገለግለው የሌላ አገር ልጅ ብትሆን ጥያቄው አይለወጥም።

የታሸገ ክፍል አዲስ ነገርም አይደለም። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው በሙያቸው ሲሰደቡ፣ በብዙ ቦታም ከጋብቻና ከርስት ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውን የሠራው ሰው «ቡዳ» ተባለ፤ በማረሻው ያረሰው «ጨዋ» ተባለ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መነገሩ ራሱ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልነበረ ያስረዳል፤ ጀንበር በምሥራቅ እንድትወጣ አዋጅ የሚያስነግር ንጉሥ የለምና። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ፤ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ፈጽሞ አልጠፋም። ክፍልን ማሸግ በአንድ ቀን ይሆናል፤ መክፈት ግን ትውልድ ይፈጃል።

አንድ ተቃውሞ ይቀረኛል፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው። «አንተም ይህን ለመጻፍ፣ እኛም ይህን ለማንበብ የተቀመጥንበት ጊዜ ከሌላ ሰው ጉልበት የተገኘ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። መጽሔት የሚያነብብ ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት እንጀራ አይጋግርም፣ በር አይጠብቅም። ይህ ግን ጥያቄውን አያፈርሰውም፤ ባለቤቱን ይነግረናል። ትርፍ ጊዜ የተሰጠው ሰው የምክንያት ዕዳም ተሰጥቶታል። ዕዳውን ለመክፈል መንግሥት እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ልጅቱን በስሟ መጥራት ይቻላል። ለማታ ትምህርት ሰዓት መስጠት፣ ሰዓቱንም በእንግዳ ምክንያት አለመንጠቅ ይቻላል። የሥራዋን መጀመሪያና መጨረሻ፣ ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗን በግልጥ መስማማት ይቻላል። በቤቱ ያሉት ወንዶች ልጆች የበሉበትን ሳህን እንዲያጥቡ፣ ሸክሙ ተራ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም የጣዝማ ስንቅም በጠብታ የሚለካ ነው።

ስለዚህ ምስክሯን ስናሰናብት የተናገረችውን አሳንሰን ወይም አግንነን አንያዝ። ጣዝማ ለጌትነት አልመሰከረችም፤ በጎጆዋ የሚያዝዝ ጌታ አልተገኘምና። ለፍጹም ነጻነትም አልመሰከረችም፤ የሜሊፖና ትርፍ ንግሥቶች ዕጣ ይህን ይከለክላል። ከእርሷ የምንወስደው ሕግ የለም። የምንወስደው አንድ የመመልከቻ ልማድ ነው። «እገሌ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠረው» ሲባል በሰማን ቁጥር ክፍሉን ማን ሠራው፣ ስንቁን ማን ለካው፣ በሩንስ ማን ዘጋው ብለን መጠየቅ እንችላለን። ንብ የዘጋችውን ክፍል ተመልሳ ከፍታ ስንቅ አትጨምርም፤ ይህ ለሰው የተተወ ሥራ ነው።